በኋላው ቸርኬ ላይ የነበረው

አንድ ባለወፍጮ ነበረ። ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ወንድሙ ደግሞ ፒካፕ መኪና ነበረችው። መከራው የደረሰው በታናሽዬው ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የታላቅዬው ነው።

አስካለ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ልጅሽ ዘርፌ ከዐረብ አገር ከተመለሰች አምስት ወር ሆናት። «እዚያ ምን አገኘሽ?» ስትያት «ደህና ነበርኩ» ትልሻለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። ሻንጣዋን ፈትሸሻል፤ አብራት የነበረችውን ልጅ በስልክ ጠይቀሻል፤ ዘመድና ጎረቤት ሰብስበሽ አፋጥጠሻታል። ዛሬ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተሽ «አባባ፣ እንዴት አድርጌ ላናግራት?» አልሽኝ። ካልተናገረች ነገ ሐኪም ቤት ወስደሽ በግድ እንደምታስመረምሪያትም ነገርሽኝ። ስለ ልጅሽ ገና አልመልስልሽም። መጀመሪያ ስለዚያ ባለወፍጮ ልንገርሽ። መጨረሻውን በዓይኔ ስላየሁት አላጋንነውም።

ባለወፍጮው እጁ ፈጣን ነው። የተሰበረ ነገር ካየ ሳይጠግነው አያድርም። የጎረቤት በር ሲንጋደድ እንኳ ሳይጠሩት መዶሻ ይዞ ይመጣል። መልካም ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ ቸኩለሽ እንዳትፈርጂበት ነው። ታናሽዬው ሹፌር ነበር። ከቆላው ገበያ ወደ ደጋው ከተማ ዕቃም ሰውም ያመላልሳል። መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። በተለይ ቸርኬዎቿ፣ ጎማው የሚታሰርባቸው ማለቴ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጡ እንደ ብር ያበሩ ነበር። ሹፌሮቹ «ጢምህን ልትላጭበት ነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አንድ ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም አሳፍሮ ወደ ቆላው ሲወርድ መንገድ ላይ ታገቱ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪናዋን ከነሰዎቹ ጫካ አስገቧት። ዘመድ ገንዘብ እስኪልክ ድረስ ሁለቱን እዚያ አቆዩአቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የጸጥታ ሰዎች መቅረባቸው ሲሰማ አጋቾቹ ሸሹ፤ ታናሽዬው መኪናውን ራሱ እየነዳ ወጣ። ሐኪሙ ግን አብሮት አልነበረም። አስከሬኑ ከሳምንት በኋላ ገደል ሥር ተገኘ።

ታናሽዬው እቤቱ ገባ። አካሉ ሙሉ ነው፤ ቁስል የለበትም። ፖሊስ ሲጠይቀው «አላየሁም» አለ። እናቱ ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» አለ። የሐኪሙ ቀብር ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ቆየና ቤተሰቡን ሳያጽናና ተመለሰ። በማግስቱ ከሱቅ አራት ጣሳ ጥቁር ስፕሬ ቀለም ገዝቶ መጣ። አራቱንም ቸርኬ ነፋቸው። አንዴ ነፍቶ ሲደርቅ ደገመው፤ ሲደርቅ ሠለሰው። ያ ሁሉ ብር እንደ ምጣድ ጠቆረ። ከዚያም መኪናዋን ግቢው ጥግ አቆማት፤ ተመልሶም አልነዳት።

እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር አለፈ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ታናሽዬው ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። በጥቅምት እናቱ ጠበል ይዘውት ሄዱ፤ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ።

ታላቅዬው ብቻውን ሲቀር ያቺን መኪና ያያት ጀመር። እንዲህም አሰበ፦ ወንድሜ ያንን ጥቁር ቀለም ባየ ቁጥር ክፉው ቀን ትዝ ይለዋል፤ እኔ አንሥቼለት እንደ ድሮው ቢያበራ፣ ሲመለስ ያየውና ልቡ ይከፈታል። ማንንም አላማከረም። ድንገት ሊያስደስተው ነው የፈለገው።

ቅዳሜ ከሰዓት የኋላውን የቀኝ ጎማ በክሪክ አንሥቶ ፈታው። ከአንድ አናጢ ድሪል ተውሶ ጫፉ ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጠመ። ሲያስነሣው ጥቁሩ ቀለም እንደ ጥላሸት ብን አለ። ከሥሩ ያ የሚያውቀው ብር ብቅ አለና ደስ አለው። በብሩ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አየ። ጠጠር የጫረው መሰለው። እነሱንም አብሬ ላጥፋቸው ብሎ ብሩሹን እዚያው ላይ አጥብቆ ያዘው። አልበቃ ሲለው ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አምጥቶ ፈተገው። ጭረቶቹ ጠፉ።

ብሩም አብሮ ጠፋ።

በውሃ አጥቦ ሲያየው ክው አለ። ያ ከፋብሪካው የመጣ ልባስ የለም። የቀረው ግራጫ፣ ሻካራ፣ ዙሪያውን በሽቦ የተቧጨረ ብረት ነው። በጨርቅ ወለወለው፤ አላበራም። ዘይት ቀባው፤ እስኪደርቅ ብቻ አበራ። እመሬት ላይ ቁጭ አለ። ለወንድሜ ስጦታ ብሎ የወንድሙን ንብረት አበላሸ። እሱ የመሰለው ጥፋቱ ይህ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጎማውን መልሶ ገጠመና መኪናዋን ከከተማው ዳር ወዳለ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ መኪና የምትቀባ አንዲት ሴት ነበረች። ሙያውን ከባሏ ተምራ፣ ባሏ ሲሞት እሷ ቀጠለችበት። ሃያ ዓመት ቀለም ነፍታለች። የተቧጨረውን ቸርኬ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና በምን እንደነካው ጠየቀችው። ነገራት። ቆይታ ደግሞ ጥቁሩን ማን እንደነፋው፣ ለምን እንደነፋው ጠየቀችው። ወንድሙ እንደነፋው ነገራት፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቆት እንደማያውቅ ተናዘዘ።

«ሰው ቸርኬውን በስፕሬ የሚነፋው ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ነገር ሲኖረው ነው» አለችው። «ተሰንጥቆ ቢሆንስ? የተሰነጠቀ ቸርኬ መንገድ ላይ ሰው ይገድላል። አንተ ግን በብሩሽ ስትፍቀው ምልክቱን ሁሉ አብረህ ጠረግኸው። እኔ ሥሩ ያለውን ሳላይ በብረት አልነካም።»

ሦስቱን ጎማዎች እንዲያወርድ አዘዘችው። ፀሐይ የመታው ብረት ቀለሙን ያደርቅብኛል ብላ ጥላ ሥር አደረገቻቸውና እስኪቀዘቅዙ ጠበቀች። በሳሙናና በውሃ አጥባ አደረቀቻቸው። ከዚያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቲነር ጠቅሳ፣ ሰው በማያየው በጀርባው በኩል የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ ላይ አሳረፈችው። ትንሽ ቆይታ ጠረገችና ጨርቁን አየችው። ጥቁር ብቻ ነው ያነሣው፤ ብሩ እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ወደ ፊቱ አዞረችው።

ባለወፍጮው ለምን ብሩ እንዳልለቀቀ ገርሞት ጠየቃት። እሷም የፋብሪካው ልባስ በእሳት የተጋገረ፣ ስፕሬው ግን በነፋስ የደረቀ እንደሆነ አስረዳችው። ቲነሩ ነፋስ ያደረቀውን ቶሎ ያላላዋል፤ እሳት ያጸናውን ቶሎ አይደፍረውም። ብዙ ከተኛበት ግን እሱንም ያነሣዋል፤ ስለዚህ ትንሽ አርሶ፣ ቶሎ ጠርጎ፣ ማረፍ ነው። እንዳለችውም አደረገች። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ታረጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ የጨርቁን ንጹሕ ገጽ ታዞራለች፣ ታርፋለች። ለጠባቡ ቦታ የጥርስ ብሩሽ፣ አልለቅ ላለው የእንጨት ስንጥር እንጂ ቢላዋ አልያዘችም።

ባለወፍጮው ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ይቁነጠነጣል። በምላጭ ቢሆን እኮ ቶሎ ያልቅ ነበር አላት። እሷም ቀና ሳትል፣ ወፍጮውን ሲያጣድፈው ዱቄቱ ይቃጠልበት እንደሆነ ጠየቀችው። ይቃጠላል አለ።

የፊተኛው የቀኝ ቸርኬ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ስንጥቅም ጭረትም የለበትም። ከምሳ በኋላ ወደ ፊተኛው የግራ ጎማ ተሻገረች። ጥቂት እንደሠራች እጇ ቆመ። ጨርቁን አስቀመጠች። ወደ ብርሃን አዘንብላ አየችው፤ ደግማ አየችው። ከዚያ ባለወፍጮውን ጠርታ ቦታውን ለቀቀችለት።

ጨርቁ ከላይ ያለውን ጥቁር ጠርጎታል፤ ጭረት ውስጥ የገባው ጥቁር ግን እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ በነጭ ወረቀት ላይ በቀለም የተጻፈ ይመስል ሁሉም ይነበባል። ትናንሽ ሰረዞች በተርታ ተጭረዋል። ቆጠራቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከአሥራ አንደኛው ሰረዝ ሥር በወንድሙ እጅ እንዲህ የሚል አለ፦

«ሐኪሙን ወሰዱት። ጠራኝ። አልመለስኩለትም።»

ባለወፍጮው ሦስት ጊዜ አነበበው። ወንድሙ አሥራ ዘጠኝ ቀን የት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። በዚህ ጎማ ላይ ታስሮ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ግቢ ሲወጣ ሲገባ፣ ከዚያች መኪና ጎን እህል ሲያወርድ፣ ይህ ሁሉ ከጥቁሩ ሥር ተጽፎ ነበር።

ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያ ሐሳቡ፣ ይህን ማንም ሳያየው ላጥፋው የሚል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሻካራ ወረቀት አየና አነሣው። ሴትዮዋ ጽሑፉን በመዳፏ ሸፈነችው።

«የጻፈው ሰው ይምጣና ከፈለገ እሱ ያጥፋው» አለችው።

እጁን ሰበሰበ። ወንድሜ ሲመጣ ምን ብዬ ልጠይቀው አላት። ምንም እንዳይጠይቀው መከረችው። ያበላሸውን ብቻ እንዲነግረው፣ የራሱን ጥፋት እንዲናገር፤ የወንድሙን ለወንድሙ እንዲተውለት። የቀረውን የኋላ ግራ ጎማ ጥቁር ቀለም ሳትነካው ጎማዎቹን መልሳ አሳሰረችና መኪናዋን ሸኘችው።

ከሳምንት በኋላ እናትና ልጅ ከጠበል ተመለሱ። ታላቅዬው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። እናቱን አስገባቸውና ወንድሙን ግቢው ውስጥ አስቀረው። ሳያስፈቅደው መኪናውን እንደነካ፣ አንዱን ቸርኬ እንዳበላሸበት፣ በሌላው ላይ የጻፈውን እንዳነበበ ነገረው። ይቅርታ ጠየቀው። ሌላ አልጨመረም።

ታላቅዬው፣ ወንድሙ ወደ ፊተኛው ጎማ የሚሄድ መስሎት ነበር። ታናሽዬው ግን ወደ ኋላው ሮጠ። ከተቧጨረው ቸርኬ ፊት ተንበርክኮ ብረቱን በጣቶቹ ይዳብሰው ጀመር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ዕውር ሰው የጠፋበትን እንደሚፈልግ።

«የት ሄደ?» አለ።

ታላቅዬው አልገባውም። «ምኑ?»

«የሐኪሙ ጽሑፍ።»

አስካለ፣ እኔ ይህን የሰማሁ ጊዜ ያገኘኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ታላቅዬውን ምን እንዳገኘው አንቺው አስቢው። ጠጠር የጫረው የመሰለው፣ አጥብቆ የፈተገው፣ የሞተ ሰው እጅ ነበር።

ታናሽዬው ያን ቀን እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ። ከስምንት ወር በኋላ ነው። እሱ በፊተኛው ጎማ፣ ሐኪሙ በኋላው ጎማ ላይ በሰንሰለት ታስረው ነበር። መኪናዋ በመካከላቸው ስለሆነች አይተያዩም፤ ድምፅ ግን ይሰማማሉ። መጻፍን ያመጣው ሐኪሙ ነው። በቀበቶው ዘለበት ምላስ ይጭር ነበር፤ አንተም ጻፍ፣ ከሁለት አንዳችን እናደርሰዋለን ይለው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን መጡና ሐኪሙን ፈቱት። ሲወስዱት የሹፌሩን ስም ጠራ። ሹፌሩ ድምፄን ከሰሙ እኔንም ይወስዱኛል ብሎ ፈራና አፉን በክንዱ ያዘ። ሐኪሙ ሁለተኛ ጠራው። ከዚያ ወዲያ አልጠራውም።

አጋቾቹ የሸሹ ቀን አንደኛው የሰንሰለቱን ቁልፍ ወርውሮለት ሄደ። ራሱን እንደፈታ መጀመሪያ ያደረገው ወደ ኋላው ጎማ ዞሮ ማንበብ ነው። ሦስት መስመር ነበረ። የመጀመሪያው የሐኪሙን ስም፣ ቀኑንና በሕይወት መኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው ለሚስቱ ነው፤ «ጥሩወርቅ፣ ጥቁር አትልበሺ» ይላል። ሦስተኛው ለልጁ ነው።

ለሚስትየው ሊነግራት ስንት ጊዜ ተነሣ። ግን ጽሑፉን ካሳያት፣ መጨረሻውን ትጠይቀዋለች። ሲጠራህ ምን አልከው ትለዋለች። ስለዚህ ነገ እያለ አቆየው። ሰው እንዳያነበው፣ ዝናብም እንዳይበላው፣ አንዱ ብቻ ቢቀባ እንዳያስጠረጥር አራቱንም ነፋቸው።

«የቀባሁት እንዳይጠፋ ነው» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ፣ እዚያ አለ እያልኩ ነበር የምተኛው። ስላለ በቃሌ አልያዝኩትም።»

የሚያስታውሰው ሁለቱን መስመር ነው። ሦስተኛው ጠፋው። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ያውቀዋል፤ የልጅቷን ስም።

በማግስቱ ሁለቱም እኔ ዘንድ መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ነኝና አብሬአቸው ወደ ሐኪሙ ቤት እንድሄድ ለመኑኝ። ሄድን። ሚስቱ ጥሩወርቅ በሩን ከፈተችልን። ስምንት ወር የለበሰችው ጥቁር ታጥቦ ታጥቦ ወደ አመድ ሄዷል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጇ አርሴማ ደብተሯን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ትውጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እናቷ የአባቷ ነገር ነው፣ ትስማ አለች።

ታናሽዬው ምንም ሳያስቀር ነገራት። ሲጠራው ዝም እንዳለም ነገራት። ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሰማችው። ሲጨርስ የምትጮኽ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ሁለተኛውን መስመር ድገምልኝ አለችው። ደገመላት። አሁንም ድገምልኝ አለችው። ደገመላት። ከዚያ የራሷን እጅጌ አየች፤ እንደማታውቀው ልብስ አየችው። የእጅጌውን ጫፍ ይዛ ስትጨምቀው ጣቶቿ ነጡ።

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ የጠየቀችው።

«ለእኔስ?»

ታናሽዬው ስሟ ተጽፎ እንደነበረ፣ ከስሟ በኋላ ያለውን ግን እንደማያስታውስ ነገራት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጽሑፉ የት እንዳለ ጠየቀች። ታላቅዬው ተነሥቶ ቆመ። እሱ ባለማወቅ እንዳጠፋው፣ መኪናዋን ሊያሳምር ብሎ በብሩሽ እንደፋቀው ተናገረ። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እርስዎስ ሲያጠፉት አላዩትም?» አለችው።

«አየሁት» አላት። «ጭረት መሰለኝ።»

ታላቅዬው እንደቆመ ቀረ፤ ተቀመጥ የሚለውም አልነበረም። እኔም ሽማግሌ ነኝ ብዬ ሄጄ አንድ የማጽናኛ ቃል አጣሁ።

ጥሩወርቅ በመጨረሻ ተናገረች። ታናሽዬውን ስለመጣህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችው። ታላቅዬውን አልረገመችውም። በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ አለችው። ነገር ግን ልጅቷ ራሷ እስክትጠራው ድረስ ወደ ቤቷ እንዳይመጣ ለመነችው። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ልጅቷ እስካሁን አልጠራችውም።

ጥሩወርቅ በሳምንቱ ጥቁሩን አወለቀች። ታናሽዬው ዛሬ ይነዳል፤ ይናገራልም፣ ቀስ እያለ። አርሴማ በየበዓሉ ትመጣና አስታወስከው ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። አላስታወስኩትም ይላታል። አንድ ቀን አንጀቴን በልታኝ፣ አንድ መልካም ቃል ፈጥረህ ንገራት፣ ምን ይጎዳል ብዬው ነበር። እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «አባባ፣ አንዴ ሸፍኜባታለሁ፤ ሁለተኛ አልቀባባትም።» አፈርኩ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ አስካለ። ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ስለ መኪና አይደለም። ያ ቸርኬ ልጅሽ ናት። ጥቁሩ ቀለም «ደህና ነበርኩ» የምትልሽ ቃሏ ነው። አንቺ ውሸት ትይዋለሽ። እኔ ግን ክረምቱን ያሳለፈችበት ይመስለኛል። በዚያ ሥር ምን እንደተጻፈ አላውቅም። በእሷ ላይ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አብራት የነበረች የሌላ ሰው ልጅ አደራ ሊሆን ይችላል። ብቻ ልታጠፋው ብትፈልግ ኖሮ አትሸፍነውም ነበር።

አንቺ ደግሞ እንደ ባለወፍጮው ነሽ። ትወጃታለሽ፤ ፍቅርሽን አልጠራጠርም። ሻንጣዋን ስትበረብሪ፣ ጓደኛዋን ስትጠይቂ፣ በዘመድ ፊት ስታፋጥጫት ግን እጅሽ ላይ ያለው የሽቦ ብሩሽ ነው። ያን ቀን ልትነግርሽ አፏ ላይ የደረሰ ነገር ይኖር ይሆናል፤ አንቺም አየሽው፣ ጭረት መሰለሽ፣ አጥብቀሽ ፈተግሽው። ምን እንደነበረ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ታለቅሻለሽ፤ አልቅሺ፤ ላስለቅስሽ ብዬ ግን አልተናገርኩም። የነገውን እንድትተዪው ነው። ልጅሽን እየጎተትሽ ሐኪም ቤት ብታስገቢያት አካሏ ይመረመር ይሆናል፤ ቃሏን ግን ለዘለዓለም ታጪዋለሽ። እሷ ልሂድ ስትል አብረሻት ሂጂ።

ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ወይ ትይኛለሽ። አይደለም፤ ሴትዮዋም እጇን አላጣጠፈችም። ሰው በሌለበት፣ ቀኑ በበረደበት ሰዓት፣ ከትንሹ ጀምሪ። እዚያ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ጠይቂያት። ጥቂት ከለቀቀች ተዪያት፤ በዚያ ቀን አትድገሚ። በመቸኮል እኔ የማውቀው አንድም ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ስትገቢ ምንም አትጠይቂያት። የራስሽን ንገሪያት። ሻንጣሽን ሳላስፈቅድሽ ከፈትኩ፣ በሰው ፊት አዋረድኩሽ፣ አጥፍቻለሁ በያት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ በይ። ዝም ካለች፣ አብረሻት ዝም በይ።